አምስት ቀን በካይሮና በሉክሶር፦ ሙዚየሙን፣ ገበያውንና የአባይ ዳር ፍርስራሹን እንዴት እናዳርሰው?

ሐምሌ_ዝናብ

ጤና ይስጥልኝ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከእናቴ ጋር ወደ ግብፅ ልንሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ የአዲስ አበባ–ካይሮ ትኬትም ተቆርጧል። የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አምስት ሙሉ ቀን አለን። ባሕር ዳርቻና የመርከብ ሽርሽር አንፈልግም፤ ሙዚየም፣ አሮጌው ገበያና አባይ ዳር ያሉት ቤተ መቅደሶች ይበቁናል።

ያስቸገረኝ ድልድሉ ነው። ሉክሶርን ለመጨመር አምስት ቀን ይበቃል ወይስ ካይሮ ብቻ ብንቀመጥ ይሻላል? በባቡር ነው የሚኬደው በአውሮፕላን? ከትልልቆቹ ሙዚየሞችስ የትኛው ይቅር? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሜዳውን ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ቀጥ ያለ ደረጃ ግን አይሆንላትም። ጾም ላይ ስለሆንን የምግቡንም ነገር፣ ገበያ ላይ የሚገዛውንና የሚተወውንም የምታውቁ ብትነግሩኝ።

የድንጋይ_አንባቢ

ሉክሶርን መጀመሪያ ካደረጋችሁት አምስት ቀን ለሁለቱም ይበቃል። ብዙ ሰው ካይሮን ጨርሶ ሉክሶርን መጨረሻ ላይ ይለጥፋታል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት የተዘጋው ዕቃ ከአንድ ግድግዳ ወይም ከአንድ መቃብር የወጣ ነው። የወጣበትን ቦታ አስቀድሞ ያየ ሰው ዕቃው ፊት ሲቆም የት እንደነበረ ያውቃል፤ ሳያይ የገባ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐውልቱ ሁሉ አንድ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከዚህ በታች የምጽፈው የካይሮ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። በታኅሣሥ ካይሮ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ትኬት ላይ 9:00 ተብሎ ሲጻፍ የጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። በሰዓት የተለየ የሙዚየም ትኬት የያዘ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ከካይሮ ሉክሶር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ዘጠኝ አሥር ሰዓትም ይወስዳል። ከእናትሽ ጋር ስለሆንሽ አውሮፕላኑን ምረጪ። በባቡር ካላችሁ ደግሞ ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻ ጣቢያ በደንብ አንብቢ፤ የደቡብ ባቡሮች ሁሉ ከራምሴስ ጣቢያ አይነሱም፤ ከጊዛ ወይም አዲስ ከተሠራው የበሽቲል ጣቢያ የሚነሱ አሉ። ጣቢያ ተሳስቶ ራምሴስ የሄደ ሰው በካይሮ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ አቋርጦ ባቡሩን አይደርስበትም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በረራ፣ ከሰዓት ዕረፍት፣ አመሻሽ ላይ የሉክሶር ቤተ መቅደስ። ይህ ቤተ መቅደስ ከተማው መሐል ነው፣ ማታም ክፍት ስለሆነ ቀኑን አይበላባችሁም። ፀሐይ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ መብራቱ ሲበራም እዚያው ሁኑ። ውስጥ ስትገቡ የአቡል ሐጋጅን መስጊድ በር ፈልጊው፤ ከአደባባዩ ወለል በላይ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረጃ የሌለው በር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። መስጊዱ ሲሠራ መሬቱ እዚያ ድረስ ነበር። የጎርፉ ደለልና የፈረሰ ቤት ክምር ቤተ መቅደሱን እስከ ዓምዶቹ ላይኛ ክፍል ቀብሮት ኖሮ፣ ኋላ ነው ተቆፍሮ የወጣው።

ሁለተኛው ቀን የአባይ ምዕራብ ዳር። የነገሥታት ሸለቆ 12 ሰዓት ጠዋት ይከፈታል፤ ያኔ ግቡ። 3 ሰዓት ካለፈ ከቀይ ባሕር ከተሞች የሚመጡት አውቶቡሶች ይደርሳሉ፤ መቃብሮቹ ጠባብ ስለሆኑ አየሩ በሰው ትንፋሽ ይወብቃል። በተራው ትኬት ሦስት መቃብር ይታያል። የቱታንካሙን፣ የሴቲ 1ኛ እና የራምሴስ 5ኛና 6ኛ መቃብሮች ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ለእናትሽ የሚመቹት ቁጥር 2 (ራምሴስ 4ኛ) እና ቁጥር 6 (ራምሴስ 9ኛ) ናቸው፤ ሁለቱም ለስለስ ባለ ቁልቁለት ነው የሚወረድባቸው። ቁጥር 34 (ቱትሞስ 3ኛ) ገደል ላይ በብረት መሰላል ተወጥቶ እንደገና ይወረዳል፣ ቁጥር 8 (መርነፕታህ) ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱንም ተዉአቸው። መቃብሮቹ በየተራ ለዕረፍት ስለሚዘጉ በር ላይ የዕለቱን ዝርዝር ጠይቂ። ከመግቢያው እስከ መቃብሮቹ የኤሌክትሪክ መኪና አለ።

ተጨማሪ ለአንድ ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ የራምሴስ 6ኛን ነው የምለው። ጣሪያው ላይ የሰማይ አምላካቸው ኑት ሁለት ጊዜ ጀርባ ለጀርባ ተዘርግታ ፀሐይን ማታ ትውጣለች፣ ጠዋት ትወልዳለች። የቱታንካሙን መቃብር ትንሽ ነው፤ አስከሬኑ እዚያ አለ፣ ሀብቱ ግን ካይሮ ነው።

ከዚያ ወደ ንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ፣ 3 ሰዓት ገደማ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ብርሃን በረንዳው ውስጥ ይገባል። በመካከለኛው እርከን፣ ፊት ለፊት ስትቆሙ በግራ በኩል ባለው በረንዳ፣ ንግሥቲቱ ፑንት ወደምትባለው የጥንት አገር የላከችው የመርከብ ጉዞ ተቀርጿል። በእንጨት እግር ላይ ቆመው በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ ሥራቸው ከነአፈሩ በቅርጫት ተደርጎ ወደ መርከብ የሚጫኑ የዕጣን ዛፎች፣ መርከቡ ላይ የሚንጎራደዱ ዝንጀሮዎች አሉ። ከመርከቡ ሥር ያሉት የቀይ ባሕር ዓሣዎች ሳይቀሩ በየዓይነታቸው ተለይተው ነው የተቀረጹት። ተመራማሪዎች ፑንትን በእኛው በአፍሪካ ቀንድ በኩል ያስቀምጧታል፤ እ.አ.አ. በ2023 የታተመ የአንድ ዝንጀሮ ሙሚ የዘረመል ጥናትም ወደ ኤርትራ ጠረፍ፣ ወደ አዱሊስ አካባቢ ነው የጠቆመው። ለእኛ ሰው ከመላው ሉክሶር ይህ ግድግዳ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ አብዛኛው አስጎብኚ ግን ወደ ላይኛው እርከን ሲሮጥ በአጠገቡ ያልፈዋል። ብርሃኑ ከጎን ካልመጣ መስመሩ ስለማይታይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ እያላችሁ እዩት።

የፑንት ንጉሥ ፓራሁና ሚስቱ አቲ ያሉበት ድንጋይ ግን እዚያ የምታዩት ቅጂ ነው። ዋናው ካይሮ፣ ታህሪር አደባባይ ባለው አሮጌው የግብፅ ሙዚየም ነው። ሉክሶርን አስቀድሙ ያልኩት ለዚህ ነው።

መሻገሪያው፣ ከሉክሶር ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የሕዝብ ጀልባ አለ፤ ጥቂት ፓውንድ ነው። ከወዲያ ማዶ ታክሲ ለግማሽ ቀን ስትይዙ ዋጋውን፣ የምትቆሙባቸውን ቦታዎች በስም፣ መጠበቂያውንም ጨምራችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «የአልባስተር ፋብሪካ አንሄድም» ብላችሁም ጨምሩበት፤ ያለዚያ ሾፌሩ ኮሚሽን ወደሚያገኝበት ሱቅ ወስዶ አንድ ሰዓት ያስቀራችኋል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርናክ (የሉክሶር ትልቁ የቤተ መቅደስ ግቢ)፣ ማታ በረራ ወደ ካይሮ። ካርናክ ሲከፈት ግቡና በቀጥታ ወደ 134ቱ ዓምዶች አዳራሽ ሂዱ። አዳራሹን ሴቲ 1ኛ ጀምሮት ልጁ ራምሴስ 2ኛ ነው የጨረሰው፤ በእጅ ሥራው ይለያል። በሰሜን በኩል ያለው የአባት ሥራ ምስሉ ከድንጋዩ ከፍ ብሎ የወጣ ነው፣ ጥላው ለስላሳ ነው። በደቡብ ያለው የልጁ ሥራ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ የተቀረጸ ነው፣ ጥላው ጥቁርና ስለታም። ቀለም የቀረበትን ለማየት ደግሞ ቀና ብላችሁ ከዓምዶቹ በላይ ያሉትን አግዳሚ ድንጋዮች ሆድ እዩ፤ ፀሐይና ዝናብ ስላልደረሰበት ሰማያዊውና ቢጫው አሁንም አለ።

ሻንጣ_ቀላል

የሉክሶሩ ጥሩ ነው፤ እኔ የካይሮውን ልቀጥል። ሙሚዎቹ ያሉበትን የሥልጣኔ ሙዚየም ተዉት። እ.አ.አ. ሚያዝያ 2021 ከታህሪር በሠልፍ የተዛወሩት 22 ነገሥታትና ንግሥታት እዚያ ናቸው፣ አዳራሹም ግሩም ነው፤ ነገር ግን በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ሙዚየም በደንብ ማየት ሦስት እየሮጡ ከማየት ይበልጣል።

አራተኛውን ቀን ለጊዛ ስጡት። ጠዋት ፒራሚዶቹ፣ ከሰዓት ታላቁ የግብፅ ሙዚየም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ቀኑ ረቡዕ ወይም ቅዳሜ ቢውል ሙዚየሙ እስከ ምሽት ስለሚቆይ ድልድሉ በጣም ይመቻል። ወደ ፒራሚዶቹ የሚገባው አሁን በፋዩም መንገድ ባለው አዲሱ በር ነው፤ ከዚያ ነጻ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከጣቢያ ጣቢያ ያደርሳል፣ ለእናትሽ እፎይታ ነው። ታክሲ ውስጥ እያላችሁ መንገድ ላይ እጁን እያወዛወዘ «በሩ ተዘግቷል፣ በዚህ ግቡ» የሚል ሰው ይመጣል። የግመል አስከራይ ነው፤ ሾፌሩ እንዳይቆም ንገሪው። ወደ ታላቁ ፒራሚድ ውስጥ መግባት ጎንበስ ብሎ በጠባብ ዳገት መውጣት ስለሆነ እናትሽ ይቅርባቸው፤ ውስጡም ባዶ ክፍልና ባዶ የድንጋይ ሣጥን ነው።

ታላቁ ሙዚየም ትኬቱ በሰዓት ስለሚለይ ከኦፊሴላዊ ድረ ገጹ አስቀድመሽ ቁረጪ። በር ላይ እገዛለሁ ብለሽ አትሂጂ። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ከመግቢያው የራምሴስ 2ኛ 11 ሜትር ሐውልት ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ ሐውልት የተደረደረበት ትልቅ ደረጃ አለ፣ ከጎኑ ግን ኤስካሌተር ስላለ ለጉልበት አትስጊ። ብዙ ሰው ደረጃው ሥር ፎቶ ሲያነሳ ጉልበቱንም ሰዓቱንም ይጨርሳል። እናንተ በቀጥታ ወደ ቱታንካሙን አዳራሽ ውጡ፤ ከመቃብሩ የወጣው ከ5,000 በላይ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የቀረበው እዚያ ነው። የወርቁ ጭንብል ዘንድ ሰልፍ ካለ ጫማውን፣ የእጅ ጓንቱን፣ ሰረገሎቹን አስቀድሙ። ጭንብሉን ከኋላውም ዞራችሁ እዩት፤ ትከሻና ጀርባው ላይ የመከላከያ ጸሎት በጥቃቅን ፊደል ተቀርጾበታል።

በተለየ ሕንፃ ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው የንጉሥ ኩፉ ጀልባ አለ፣ እንዳታልፉት። 43 ሜትር ገደማ የሚሆን የዝግባ እንጨት ጀልባ ነው፤ ሳንቃዎቹ በምስማር አልተመቱም፣ በገመድ ተሰፍተው ነው የተያያዙት። ጎኑ ላይ ተጠግታችሁ የገመዱን ቀዳዳዎች ተከተሉ።

አምስተኛው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ታህሪር። ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ግን በዝርዝር ግቡ፦ የናርመር ሰሌዳ፣ የፑንት ንግሥት ድንጋይ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የታኒስ ነገሥታት ወርቅና የፕሱሴንስ 1ኛ የብር ሬሳ ሣጥን። የፑንቱ ድንጋይ ትንሽ ስለሆነ ዘበኞቹንም ጠይቂ፤ ስልክሽ ላይ ፎቶውን አስቀድመሽ ብትይዢ በቋንቋ አትቸገሪም።

ዳዊት_ደጋሚ

ከታህሪር ቀጥሎ አሮጌው ካይሮ ነው፣ መንገዱም ቀላል። ሙዚየሙ አጠገብ ካለው ሳዳት ጣቢያ በ1ኛው መስመር ሜትሮ ወደ ሄልዋን አቅጣጫ ተሳፍራችሁ አራተኛው ጣቢያ፣ ማር ጊርጊስ፣ ውረዱ። ባቡሩ መሐል ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉ፤ ምልክቱ መድረኩ ላይ ስላለ እዚያ ቁሙ። ከጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ የባቢሎን ምሽግ የሮማውያን ግንብ ነው።

አል-ሙዓለቃ፣ ተንጠልጣይዋ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ በዚሁ ምሽግ በር ላይ ነው የተሠራችው። መውጫው 29 ደረጃ አለው፤ ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ስለሆነ እናትሽ እያረፉ ይወጡታል። ውስጥ በቀኝ በኩል የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ጸሎት ቤት አለ፤ ብዙ የእኛ ሰው ሳያውቅ ይወጣል። በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት አገልጋዮቹን ጠይቁ፣ ይከፍቱላችኋል። ቀጥሎ አቡ ሰርጋ፤ ቅድስት ቤተሰብ በስደት ያረፉበት ነው ተብሎ የሚታመነው ዋሻ ከመቅደሱ ሥር ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከዋናው ጎዳና ዝቅ ባለ ደረጃ ወርዶ በጠባብ ሰርጥ ነው፣ ለጉልበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የኮፕቲክ ሙዚየም እዚያው አጥር ለአጥር ነው። እ.አ.አ. በ1945 የተገኙት የናግ ሐማዲ ጥንታውያን የቅብጥኛ መጻሕፍት ያሉት እዚህ ነው። እኔ ግን ለእናትሽ አስቀድሜ የማሳያቸው መዝሙረ ዳዊቱን ነው፦ ከአል-ሙዲል መካነ መቃብር የወጣ፣ በቅብጥኛ የተጻፈ፣ የተሟላ፣ በጣም ጥንታዊ ዳዊት። የተገኘው ከአንዲት ልጅ መቃብር፣ ከራስጌዋ ሥር ነው። የእንጨት ገበታውንና ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የእኛን የብራና ዳዊት ለሚያውቅ ዓይን እንግዳ አይሆንም።

ጊዜ ከተረፋችሁ የሮዳ ደሴት የአባይ መለኪያ። ከማር ጊርጊስ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ደሴቷ ደቡብ ጫፍ ላይ። እ.አ.አ. በ861 የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ሲሆን መሐሉ ላይ ክንድ በክንድ ምልክት የተደረገበት ባለ ስምንት ጎን ዓምድ ቆሟል። ውኃው 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ ጥጋብ ነው ተብሎ ግብሩም በዚያው ይተመን ነበር። ከጎርፉ አብዛኛው ይመጣ የነበረው ከእኛ ክረምት፣ በአባይና በተከዜ ነው፤ ያ ዓምድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለካ የኖረው የደጋችንን ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ታች የሚወርደው ደረጃ ግን ጠባብና አንድ ጎኑ ገደል ስለሆነ እናትሽ ከላይ ሆነው ይዩ። ካርናክም ከመግቢያው በፊት ባለው የጥንቱ የመርከብ ማቆሚያ ላይ ነገሥታቱ የጎርፉን ከፍታ ያጻፉበት ድንጋይ አለ፣ ስትገቡ አስታውሱት።

ጾሙ አያስቸግራችሁም። የግብፅ ክርስቲያኖችም በዚያው ወቅት ጾም ላይ ናቸው፤ «አክል ሲያሚ» ካልሽ የጾም ምግብ ማለትሽ እንደሆነ ብዙ ሰው ይገባዋል። ኩሸሪ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽንብራ ነው፣ ከላይ ቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት። ጣዕሚያ ከባቄላ የሚሠራ ነው። ፉል ስታዝዢ ግን «ቢ ዘይት» በይ፤ ዝም ካልሽ በቅቤ ሊሠሩት ይችላሉ።

ገበያተኛ

ገበያው በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ይሁን፣ ቀኑ ግን ዓርብ ወይም እሑድ እንዳይሆን። ዓርብ እስከ ጁምዓ ሶላት ፍጻሜ አብዛኛው ዝግ ነው፤ እሑድም ብዙ ሱቅ አይከፍትም። ከዋለ አራተኛውንና አምስተኛውን ቀን አለዋውጡ።

አሮጌው ገበያ ኻን ኤል-ኸሊሊ ነው ብላችሁ በቀጥታ መሐሉ አትግቡ። ከሰሜን፣ ከባብ አል-ፉቱህ ጀምራችሁ በሙዒዝ ጎዳና ወደ ደቡብ ውረዱ፤ ሜዳ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ። የቃላዉንን መስጊድና መቃብር አልፋችሁ፣ የመዳብ ሠሪዎቹን አልፋችሁ ገበያው ራሱ ይቀበላችኋል። የአዝሃርን ጎዳና ተሻግራችሁ ከባብ ዙወይላ ውጪ ያለውን የድንኳን ሠሪዎች ገበያ፣ ኸያሚያን፣ እንዳትተዉት። በካይሮ በልበ ሙሉነት የምመክረው ግዢ እሱ ነው። ወንዶች ተቀምጠው ጨርቅ በጨርቅ ላይ በእጅ ይሰፋሉ። እውነተኛውን ለመለየት ጨርቁን ገልብጪ፦ የእጅ ሥራ ከሆነ ከኋላ ያለው ሸራ ላይ እኩል ያልሆኑ የክር ነጥቦች ይታያሉ፣ ከፊት ደግሞ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የታተመ ጨርቅ ከሆነ ግን ጠርዙ በጣትሽ አይሰማሽም። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ፓፒረስ፦ መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው የሙዝ ቅጠል ወይም ሌላ ገለባ ነው። ወደ መብራት አንሺው፤ እውነተኛው አግድምና ቁልቁል የተጋደሙ ንጣፎች ይታዩበታል፣ ስትጠቀልዪውም አይሰነጠቅም። ብርና ወርቅ በግራም ይመዘናል፣ በላዩ የእጅ ዋጋ ይጨመራል። ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ ጠይቂ፤ የሚከራከሩበት በእጅ ዋጋው ላይ ነው፣ በግራሙ አይደለም። ብሩ ላይ የመንግሥት ማኅተም ከሌለ ተዪው። ዛፍራን (ያ ውዱ ቅመም) ብለው በከረጢት የሚሰጡሽ የአበሻ ሱፍ አበባ ነው፣ ርካሽነቱ ራሱ ይነግርሻል። ከርከዴ ግን ግዢ፣ ከአስዋን በኩል የሚመጣው ሙሉ አበባውና ጥቁር ቀይ የሆነው። «ጥንታዊ ነው» የሚልሽን ዕቃ አትንኪ። ካልዋሸሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ እ.አ.አ. በ1983 በወጣው ቁጥር 117 ሕግ ቅርስ ማውጣት ወንጀል ነው።

ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ያንኑ ዕቃ ሦስት ሱቅ ጠይቂ። ከዚያ ከተጠራው ግማሽ በታች ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ውጪ። የማትገዢውን ዕቃ ዋጋ አትጥሪ፤ የጠራሽውን ከተቀበለ መግዛት ነውረኛ ላለመሆን ግድ ነው። ዝርዝር ፓውንድ፣ እነሱ «ፈካ» የሚሉትን፣ ጠዋት ጠዋት ሆቴል ለውጪ። መጸዳጃ ቤት፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ በር ከፋች ሁሉ ትንሽ ባቅሺሽ (ጉርሻ) ይጠብቃል፤ ባለ 200 ፓውንድ ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ትርፉ ክርክር ነው።

ሐምሌ_ዝናብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሉክሶርን አስቀድመን እንሄዳለን፣ የሥልጣኔ ሙዚየሙ ይቅር። ክፍያውስ? ጥሬ ዶላር ይዤ በየበሩ ፓውንድ ብከፍል ይሆናል?

ሻንጣ_ቀላል

በየበሩ አይሆንም። በዋና ዋናዎቹ ቅርሶችና ሙዚየሞች ትኬት መቁረጫው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሄደ ሰው ሰልፍ ላይ የማያውቀውን ቱሪስት «በካርድህ ክፈልልኝ» ሲለምን ይታያል። በብር ብቻ የሚሠራ ካርድ እዚያ አይጠቅምሽም። ባንክሽ ሄደሽ በውጭ ምንዛሪ የተሞላ፣ ለውጭ አገር ክፍያ የተከፈተ ካርድ አውጪ፤ የቀኑ ጣሪያው ስንት እንደሆነም ጠይቂ፣ የሁለት ሰው የሸለቆና የሃትሼፕሱት ትኬት በአንድ ጠዋት ስለሚከፈል። ድረ ገጽ ላይ የታላቁን ሙዚየም ትኬት ስትቆርጪ ካርዱ መሥራቱን አዲስ አበባ ሆነሽ ታረጋግጪያለሽ። ዶላሩን ለታክሲ፣ ለምግብና ለገበያ ባንክ ውስጥ ቀይሪ፤ ብር እዚያ የሚቀይርልሽ የለም። እናትሽ ወይም አንቺ ተማሪ ብትሆኑ የተማሪ መታወቂያ ግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ካለሽ ያዢ። ድሮን ግን ለማንም ብለሽ እንዳትይዢ፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።